ሽንኩርቱ፣ ማሽላውና የአትላንታ ሽንፈት

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማሽላ አልዘራም። ክረምቱንም መሬቱን በሙሉ ሽንኩርት ላደርገው ነው። ትንሽ ብር ብቻ አግዘኝ» አለኝ። «ነገ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ነገ ያልኩት ይኸው ሳምንት ሆነው። ይህን የምጽፈው ምን እንደምመልስለት ለራሴም እንዲለይልኝ ብዬ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከሽንኩርት ሳይሆን ከአሜሪካን ፉትቦል ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

የምኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ነው። እዚህ አገር ስመጣ ይህ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበት ጨዋታ ምኑም አይገባኝም ነበር። ቀስ በቀስ የሥራ ጓደኞቼ አስተማሩኝ። ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ኳስ የያዘው ቡድን አሥር ያርድ (ዘጠኝ ሜትር ገደማ) ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን በአየር ወርውሮ ሩቅ ላለ ጓደኛው ማቀበል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ራኒንግ ባክ ለሚባለው ሯጭ ኳሱን በእጁ ማስያዝ ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ግዙፎቹ ሰዎች መሃል ይገባና ሦስት አራት ያርድ ተጉዞ ይወድቃል። ተነስቶ እንደገና ይገባል።

ሰው የሚጮኸው ለውርወራው ነው። ቁጥሩም ለውርወራው ያደላል። በኤን ኤፍ ኤል አንድ ሩጫ በአማካይ ከአራት ያርድ ትንሽ በላይ ያስገኛል፤ አንድ ውርወራ ደግሞ ወደ ሰባት ይጠጋል። ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ቡድኖች ለሯጭ ብዙ ገንዘብ ማውጣት እንደ ሞኝነት ሲቆጥሩት ቆይተዋል። እኔም መጀመሪያ «ሰባት እያለ አራት ምን ያደርጋል?» ባይ ነበርኩ።

መልሱን ያገኘሁት በፈረንጆቹ የካቲት 5 ቀን 2017 ማታ ነው።

የዚያን ቀን የእኛው ከተማ ቡድን አትላንታ ፋልከንስ ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ጋር ለዋንጫው፣ ለሱፐር ቦውል፣ ተጋጠመ። ሦስተኛው ሩብ ላይ 28 ለ 3 እየመራን ነበር። በሱፐር ቦውል ታሪክ ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። እኔ ሳልቀር እየጨፈርኩ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዓቱን መብላት። በዚህ ጨዋታ ሯጩ ሜዳው ውስጥ ሲወድቅ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። የተወረወረ ኳስ ሳይያዝ መሬት ሲወድቅ ግን ሰዓቱ ይቆማል። የሚመራ ቡድን የሚሮጠው ለዚህ ነው። ሩጫችን ደግሞ በዚያ ቀን ደህና ነበር፤ የፋልከንስ ሁለት ሯጮች 18 ጊዜ ሮጠው 104 ያርድ አግኝተዋል። በአንድ ሩጫ ከአምስት ያርድ በላይ ማለት ነው።

እኛ ግን መወርወር ቀጠልን። ስምንት ደቂቃ ከምናምን ሲቀር፣ አንድ ያርድ ብቻ በሚያስፈልግበት ሙከራ፣ ለመወርወር ተሞከረ፤ ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይለቅ ተመታና ኳሱ ተነጠቀ። 28 ለ 20 ሆነ። ቆይቶ ጁሊዮ ጆንስ አስደናቂ ኳስ ይዞ ቡድኑን እስከ 22ኛው ያርድ አደረሰው። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሮጦ፣ ሰዓት በልቶ፣ በእግር ምት ሦስት ነጥብ ማግባት ዋንጫውን ኪስ የመክተት ያህል ነበር። አንድ ጊዜ ተሮጠ፤ አንድ ያርድ ተሸረፈ። ከዚያ ወዲያው ለመወርወር ተሞከረና ኳርተርባኩ 12 ያርድ ወደኋላ ተጣለ። ቅጣት ተጨመረበት። የምቱ ርቀት አመለጠ፤ ኳሱም ለነሱ ተመለሰ።

ፓትሪዮትሶች 57 ሴኮንድ ሲቀር አቻ አደረጉ። በጭማሪ ሰዓት 34 ለ 28 አሸነፉን። ወደ አቻው ያቀረባቸውም ዋንጫ የወሰደውም ነጥብ የመጣው ጄምስ ዋይት የሚባለው ሯጫቸው ኳሱን ይዞ አንድና ሁለት ያርድ ሮጦ ነው። በዚያ ማታ እነሱ 93 ሙከራ አደረጉ፤ እኛ 46። ተከላካዮቻችን መጨረሻ ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሲያለከልኩ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ያደከማቸው የተጋጣሚው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ አጥቂዎቻችን ኳሱን ይዘው ቆይተው እረፍት አለመስጠታቸው ጭምር ነው።

የሚገርመው የዚያን ጊዜው የአትላንታ ዋና አሰልጣኝ ዳን ኩዊን ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የሲያትል ሲሃውክስ የመከላከል አሰልጣኝ ነበር። በ2015 ሱፐር ቦውል ሲያትል ለማሸነፍ አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶት፣ ማርሾን ሊንች የሚባል በሬ የሚያክል ሯጭ እያለው፣ ወርውሮ አስነጠቀና 28 ለ 24 ተሸነፈ። የቁጥር ሰዎች «ውሳኔው ያን ያህል ስህተት አልነበረም» ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ምናልባት እውነት አላቸው። አማካይ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን አማካይ ብዙ ጊዜ መሞከር ለሚችል ሰው ነው። አንድ ሙከራ ብቻ ለቀረው ሰው ጥያቄው «በአማካይ ስንት ያስገኛል?» አይደለም። «ካልተሳካስ ምን ይተርፈኛል?» ነው።

አሁን ወደ ይፋት ልመለስ።

አባታችን የሮቢ ወንዝ ውሃ የሚደርሰው ጥቂት ጥማድ መሬት አለው። በልጅነታችን በየዓመቱ ማሽላ ይዘራል። ግሪሳ ሲመጣ እኔና ወንድሜ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ እንጠብቃለን፤ ጥንቅሽ እየመጠጥን። ማሽላ የሚያስጨፍር እህል አይደለም። ግን እህሉ ጎተራ ይገባል፣ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ ይሆናል። አባባ «ማሽላ ሀብታም አያደርግህም፤ ለማኝም አያደርግህም» ይል ነበር።

ሽንኩርት ሌላ ነው። ሽንኩርት ረጅም ውርወራ ነው። ሲሳካ ባጃጅ ያስገዛል፣ ቤት ያስቀይራል፤ በዓይናችን አይተናል። ሳይሳካ ግን መሬት ይወድቃል። ሁሉም ሰው ዋጋው ሲወደድ አይቶ አብሮ ይተክላል፣ አብሮ ይደርሳል፣ አይሱዙው ማሳው ዳር ሲቆም ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። «አልሸጥም» ብለህ እንደ ማሽላ ጎተራ አታስገባው፤ ይበሰብሳል። ክረምት ላይ ሲሆን ደግሞ ዋጋው የሚወደደው ዝናብና በሽታ ስለሚያጠፋው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ አንድ ዓመት ሁሉንም ሽንኩርት አደረገው። እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡ የእኔ ነበር። አሜሪካ ቁጭ ብዬ፣ በኢሞ፣ «ማሽላ ምን ያደርግልሃል? ደፈር በል!» ያልኩት እኔ ነኝ። ብሩንም የላክሁት እኔ ነኝ። ዋጋው ወደቀ። የማዳበሪያውንና የነዳጁን ዕዳ ለመክፈል የአባባ ጥንድ በሬዎች ተሸጡ። አባባ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ላይ የደረሰ ነገር አልነበረም፤ ደመወዜ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል። ሲወረወር የጮህኩት እኔ፣ የተመቱት እነሱ።

ታዲያ «ሽንኩርት አትትከል» ልበለው? እንደዚያም አይደለም። እዚህ ላይ ፉትቦሉ ሌላ ነገር አስተምሮኛል።

በ2024 ፊላደልፊያ ኢግልስ ሳኳን ባርክሊ የሚባለውን ሯጭ አመጣ። ሯጭ ዋጋ የለውም በሚባልበት ዘመን ሰውየው በመደበኛው ውድድር 2005 ያርድ ሮጠ። ቡድኑ በ2025 የካቲት ወር ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን ወሰደ። ልብ በሉ፤ በዋንጫው ቀን ባርክሊ 25 ጊዜ ሮጦ ያገኘው 57 ያርድ ብቻ ነው። ቺፍሶች እሱን ለመያዝ ተሰብስበው ዘጉት። ግን እሱን ሲዘጉ ሌላው ተከፈተ፤ ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ከ22 ውርወራ 17ቱን አሳክቶ የቀኑ ኮከብ ተባለ። ሯጩ በዚያ ቀን ባይሳካለትም ውርወራው እንዲሳካ ያደረገው እሱ ነው።

ገበሬ ይህን ያውቀዋል። መሬት መጀመሪያ ሲገመስ ይታገልሃል፤ በሬውም አንተም ትለፋላችሁ፣ የሚታይ ነገር የለም። ሲደገም ይለሰልሳል። ሲሰለስ ማረሻው ራሱ ይገባል። የመጀመሪያው እርሻ ብቻውን ፍሬ የለውም፤ ያለ እሱ ግን ሦስተኛው የለም። ጠንካራ ሩጫ ያለው ቡድን አራተኛው ሩብ ላይ ተጋጣሚውን የሚያልፈው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ የምለው ይህ ነው። ግማሹን ማሽላ ዝራ፤ ቤቱ እንዳይራብ። ከቀረው ላይ ማሾ አድርግበት፤ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፣ ገበያም አለው። የቀረችውን ሽንኩርት ትከልባት። እሷ ብትወድቅ በሬ አይሸጥም፤ ብትሳካ በመጪው ዓመት ሰፋ ታደርጋታለህ። ማሽላው ሽንኩርቱን እንድትደፍር የሚያደርግህ ነው እንጂ ጠላቱ አይደለም።

ብሩን እልክለታለሁ። ለሽንኩርቱ ዘር ግን አይደለም። መጀመሪያ ጥንድ በሬ ይገዛበት። ዕዳዬ ነው።

እናንተ ዘመድ ውጭ ያላችሁ ወይም አገር ቤት ዘመድ ያላችሁ፣ «ደፈር በል» ከማለታችሁ በፊት ጨዋታው ቢበላሽ የሚመታው ማን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ዛሬ ማታ ልደውል ነው፤ እዚያ ሲነጋ፣ አባባ ከቤት ሳይወጣ።