የመቂ ቲማቲም

ከአዳማ ተነሣን። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃንና ዓለም ጤናን አለፍን፤ ከዚያ መቂ ገባን። ወደ ፊት ቢኬድ ባቱ ነው፤ የድሮ ስሙ ዝዋይ። አገሩ ሜዳ ነው። ግራር አለበት፤ ውሃም አለው። በመስኖ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን ያለማሉ።

ማሳ ስንደርስ ቲማቲሙ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ተቆልሏል። ጧት ይመጣል የተባለው መኪና በ9 ሰዓት መጣ! አንዲት እናት የታችኛውን ሳጥን ከፍተው አሳዩን። ግማሹ ፈርጦ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ልጆቼ፣ ይኼ የአራት ወር ላቤ ነው። ነጋዴው አይገዛኝ፤ እኔስ ምን ላድርገው?» አሉን።

እኛም ለጊዜው ዝም አልን።

ቲማቲም ከተቀጠፈም በኋላ ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፋሹ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ስኳሩን ይጨርሳል፣ ውሃውም ይተናል። ቆዳው ሲቀደድ ደግሞ አየር ይገባና ቪታሚን ሲ የተባለውን ንጥረ ምግብ ያበላሸዋል። እንጆሪማ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከዚህም ይብሳል።

ቪታሚን ሲ ድድን ያጠነክራል፣ ቁስል እንዲድን ይረዳል። በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረትም ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ወጥ ውስጥ ሲበስል ቪታሚን ሲው ይቀንሳል። ቀይ ቀለሙ ግን በዘይት ሲበስል ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል። ስለዚህ ጥሬውንም የበሰለውንም መብላት ነው።

ፍሪጅ ያለው ሰው ደግሞ ያልቀላውን ቲማቲም እዚያ ይከታል። ከ10 ዲግሪ በታች ከቆየ በደንብ አይቀላም፤ ጣዕሙም ይጠፋል። ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ይሻለዋል።

ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። መልካሾላና መልካሳልሳ የሚባሉት የቲማቲም ዝርያዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። ጥሩ ዘር ጥሩ ነው። ነገር ግን የትኛውም ዘር ቢሆን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቆልሎ አይሆንለትም።

በማግስቱ ጧት በ12 ሰዓት ከእናታችን ጋር ለቀማ ወጣን። መቅላት የጀመረውን ብቻ ለቀምን። አላጠብነውም፤ እርጥበት ያሻግተዋል። በሳጥኑ ውስጥ የወጣውን ምስማር በድንጋይ መታን፣ ከሥሩ ደረቅ ሣር አነጠፍን፣ እስከ አፉም አልሞላነውም። ሦስት ሳጥን ከግራር ሥር አስቀመጥን።

መኪናው እንደ ልማዱ ዘገየ። ሲመጣ የታችኛውን ሳጥን ከፈትነው። የፈረጡት ሁለት ፍሬ ብቻ ናቸው። እነሱንም እናታችን ስልስ ሠርተው አበሉን።