የሀዋታዋ መርከብ

ባሕር ወደሌለበት አገር መርከብ ለማየት ተጓዝሁ ብል ከአንባቢያን መካከል የሚያምነኝ ጥቂት እንደሚሆን አውቃለሁ። እውነቱ ግን ይኸው ነው። በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከጎንደር ተነሥቼ፣ መተማን ተሻግሬ፣ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ወደምትገኘው ሀዋታ የሄድሁት አንዲት መርከብ ለማየት ነበር። የመርከቢቱ ርዝመት 47 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእንጨት የጠረባት፣ ገመዷንም አንድ በአንድ ያሰረው አባቴ ነው።

አባቴ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የምልክት ሙያተኛ ነበር። የምልክት ሙያተኛ ማለት በምሰሶው ላይ የምልክት ባንዲራዎችን እየሰቀለ፣ በሌሊትም መብራት እያበራና እያጠፋ ከሌላ መርከብ ጋር የሚነጋገር ባሕረኛ ነው። ስለዚህ ከመርከብ አካላት ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ገመዱን ነበር። ያገለገለባት መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። በአሜሪካን አገር ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት የጀመረች፣ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትረዳ መርከብ ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን ተሰጥታ የባሕረኞች ማሠልጠኛ ሆነች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል ሲሆን፣ በባሕር ኃይላችን ውስጥ ከእርሷ የሚበልጥ መርከብ አልነበረም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. አባቴ በየብስ ሥራ ተመድቦ አሥመራ ነበር። ሠራዊቱ በከረን በኩል ወደ ከሰላ ሲያመራ እርሱም በእግሩ ተጉዞ ሱዳን ገባ። መርከቢቱም በዚያው ሰሞን ከሌሎች መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን አቋርጣ ወደ የመን ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣ ታሪኳ አበቃ። «መርከቤ ስትሄድ በላይዋ አልነበርሁም» የሚለው ቃል ከአባቴ አፍ ተለይቶ አያውቅም። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር «አንተስ በእግርህ መጣህልን» ትለዋለች። እርሱ ግን ዝም ይላል።

ሀዋታ ከገዳሪፍ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በራሃድ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ዓይን እስኪታክት ድረስ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጥልበት ደግሞ ሰውንም መኪናንም ጨብጦ አይለቅም። ከከሰላ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1928 ገዳሪፍ ደርሶ፣ በ1929 በዚችው በሀዋታ በኩል አልፎ ሰናር ላይ ከዋናው መሥመር ጋር ተገናኘ። ከተማይቱን ከዓለም ጋር ያስተዋወቃት ይህ ሐዲድ ነው።

ራሃድን ግን እኛ በሌላ ስም እናውቀዋለን። ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከፍተኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ሽንፋ እየተባለ በቆላው ወርዶ፣ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይሆናል፤ በመጨረሻም በዋድ መደኒ አጠገብ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። እኔ ስደርስ ወንዙ አልነበረም። ሰፊ የአሸዋ ጎዳና፣ እዚህና እዚያ ሕፃናት ዓሣ የሚያጠምዱባቸው ኩሬዎች፣ በዳርና በዳር ደግሞ ሱንት የሚባለው ረጅምና ነጭ እሾህ ያለው የግራር ዓይነት ብቻ ነበር። ውሃው ከእኛ ደጋ የሚወርደው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ነው።

አባቴ ሀዋታ የደረሰው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ በቀን ሠራተኝነት ነበር። ወባ ጥሎት ከማሳ ዳር ሲያገኙት፣ በሐዲድ ጥገና ሥራ ያገለገሉ አንድ የአገሩ ሰው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ባለቤታቸው እንደ ወንድሟ አስታመመችው። ከዳነም በኋላ ከዚያ ቤት አልወጣም፤ በ1986 ዓ.ም. ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ኖረ። ሽማግሌው ከኢትዮጵያውያን የሰሊጥ አጫጆች ጋር ሲኖሩ አማርኛ ለምደዋል። እኔን ባዩኝ ጊዜ በመጀመሪያ የተናገሩት «ግንባርሽ የአባትሽ ነው» የሚል ነበር። እኔም እንደ አገሩ ልማድ «ያ ሐጅ» ብዬ እጃቸውን ሳምሁ። ባለቤታቸው ሐጃ ቡና አፈሉልን። ቡናውንም ማፍያውንም እነርሱ «ጀበና» ይሉታል፤ በዚህች በአንዲት ቃል ብቻ እንኳ ግማሽ ቀን ተጫወትን።

መርከቢቱ በእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ከበሩ ትይዩ ባለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ገላዋ ከአሮጌ የሐዲድ አግዳሚ እንጨት የተጠረበ ነው። በሱዳን ሐዲድ ሥር ይነጠፍ የነበረው እንጨት ሱንት ነው፤ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ አባቴ አንዱን ጎን ለመጥረብ ብቻ አንድ ወር እንደፈጀበት ነግሮኛል። ልኩን በቃሉ ያውቀዋልና ሁሉንም ለ200 ከፈለው፤ 95 ሜትር የነበረው 47 ሴንቲ ሜትር፣ 12 ሜትር ተኩል የነበረው 6 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ሆነ። በወለሉ ዳር ዙሪያውን የቆመው መከታ፣ እያንዳንዱ ቋሚ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የሱንት እሾህ ጫፍ ነው። ምሰሶውም አንድ ቀጥ ያለ ረጅም እሾህ ነው። ማጣበቂያው በዚያው አገር ሐሻብ ከሚባለው ዛፍ የሚለቀመው ሙጫ ነው፤ ሌሊቱን በውሃ አሟምቶ በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ ያኖር ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የገመዱ ሥራ ነው። የመርከብ ገመድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚ ገመድ ሲሆን ምሰሶው እንዳይወድቅ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን ወጥሮ ይይዘዋል። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ገመድ ሲሆን ባንዲራ ይሰቅላል፣ ጀልባ ያወርዳል፣ ዕቃ ያነሣል። ሲታሰር ቋሚው ይቀድማል። የቀኙ ከታሰረ ወዲያው የግራው፣ የፊቱ ከታሰረ ወዲያው የኋላው መታሰር አለበት፤ አለዚያ ምሰሶው ወደ አንድ ወገን ይሰግዳል። ከዚያም ከመሐል ወደ ዳር እየተወጣ ይሠራል፤ ዳሩን ያስቀደመ ሰው ወደ መሐል እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ያጣል። ክሩ ጭገር እንዳያወጣ በሰም ይታሻል። አባቴ ይህን ሁሉ በሚገባ ፈጽሞታል። ችግሩ ክር ማጣቱ ነበር። የገበያው ክር ወፍራም ሆነበትና ከጋሪ ፈረስ ጭራ ነቅሎ፣ ያንን እንደ ማሲንቆ ጅማት ወጠረው።

እኔ ባየኋት ዕለት ግን ገመዶቹ የተወጠሩ አልነበሩም። ልብስ እንደሚሰጣበት ገመድ መሐላቸው ረግቦ ተንጠልጥሏል። ስለ አባቴ አፈርሁ። ከቤት ስወጣ የነገረኝም ይኸው ነበር። «ገመዱን አበላሽቼዋለሁ፤ በክረምት ይላላል፣ በበጋ ምሰሶውን እስኪያጎብጥ ይወጠራል። በየሳምንቱ ሳጠብቀው ኖሬ እንደተበላሸ ትቼው መጣሁ። ፈትተሽ በደንብ እሰሪልኝ» ብሎ የናስ ሽቦና መቆንጠጫ ሰጥቶኛል። መቆንጠጫውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ መደርደሪያው ስጠጋ ሐጃ በድንጋጤ ተነሥተው እጄን ያዙኝ።

«ተዪ! ተዪ! አትንኪያት!»

ሽማግሌው ሣቁና ነገሩን አስረዱኝ። አባቴ ከሄደ በኋላ ገመዱን የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ገመዶቹ ሲረግቡ ሐጃ አዩ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዝናብ መጣ፤ ከዝናቡም በኋላ ራሃድ ሞላ። በሁለተኛው ዓመት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ሐጃ ገመዱን አይተው «ማሽላውን ከጉድጓድ አውጡ፣ ጣራውን ክደኑ» ብለው አዘዙ፤ ጎረቤት ሁሉ ሳቀባቸው፤ በሳምንቱ ግን የሳቀው ሁሉ ረጠበ። ከዚያ ወዲህ በሰኔ መግቢያ የሠፈሩ ሰው ቡና ሊጠጣ መጣሁ እያለ ዓይኑ ከመርከቢቱ ገመድ ላይ አይነሣም። «አባትሽ የባሕር ሰው ነው፤ የውሃን መምጣት የምትነግር መርከብ ሠርቶ ሰጠን» አሉኝ ሽማግሌው፤ ይህንንም ሲናገሩ አልቀለዱም።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ጠጉር የአየሩን እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ያጥራል። ሶስዩር የተባለው የስዊስ ሊቅ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለዚሁ በጻፈው መጽሐፍ፣ የእርጥበት መለኪያ የሠራው በሰው ጠጉር ነበር። ለውጡ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ቢሆንም፣ በሁለት ጫፍ የታሰረ ጠጉር ጥቂት ሲረዝም መሐሉ ብዙ ይረግባል። አባቴ እንደ ጥፋት የቆጠረው ይህ ነበር። ከዝናቡ በፊት እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ሲመጣ ሰው ሳያውቀው ገመዱ ያውቃል።

መቆንጠጫውን ወደ ቦርሳዬ መለስሁ። በአራተኛው ቀን ገመዶቹ ከቀድሞው ይልቅ ረግበው ብናይ ሽማግሌው «ዋልካው ሳይዘጋችሁ ሂዱ» ብለው አስቸኰሉን። መርከቢቱን ጠቅልለው ሊሰጡኝ ተነሥተው ነበር፤ «የአባትሽ ዕቃ ነውና አደራውን ውሰጂ» አሉ። ሐጃ ግን ምንም ሳይናገሩ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እንዴት እወስዳለሁ? አባቴን ከማሳ ዳር ያነሣ ቤት ነው። ርዝመቷን፣ የእያንዳንዱን ገመድ መነሻና መድረሻ በደብተር ላይ ነድፌ፣ መርከቢቱን እዚያው ትቼ ተመለስሁ።

አባቴ ሥዕሉን ተቀብሎ በመስኮቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። የሐጃን ነገር ስነግረው ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ «እንግዲያስ ያቺ የእነርሱ ናት» አለ። «የእኛን እንሥራ።»

ሁለተኛይቱ መርከብ ሁለት ክረምት ፈጀች። የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣልና እርሱ ይናገራል፣ እኔ አስራለሁ። ባለቤቴም ከግዳጅ ለዕረፍት ሲመጣ መከታውን ያቆማል፤ ለካ ጠመንጃ ፈትቶ የሚገጥም እጅ 5 ሚሊ ሜትር ቋሚም መግጠም ይችላል! ለቋሚዎቹ ገመዶች ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ቀጭን የናስ ሽቦ ተጠቀምን፤ እርሱ በእርጥበት አይላላም። የባንዲራው ገመድ ግን አስቸገረን። አባቴ እንደሚለው እውነተኛው ገመድ ውፍረቱ ከጣት ያነሰ፣ ቀለሙም ነጭ ነበር። የፈረስ ጭራ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ በ200 ሲባዛ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጉማጅ ገመድ ይሆናል። የሰው ጠጉር ግን ሲባዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ልኩ እርሱ ነው። ነጭ ጠጉር ደግሞ በቤታችን ነበር።

እናቴ ሻሿን ፈታ ከማበጠሪያዋ ላይ ረጅሙን መዝዛ ሰጠችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅህ የሸበተውን ነው የወሰድኸው፤ ዕወቀው» አለችው። አባቴ መልስ አልሰጠም። ያችን አንዲት ገመድ ግን እኔ እንዳስራት አልፈቀደም። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከአንድ ጧት እስከ ምሳ ሰዓት ሞክሮ፣ ራሱ አሰራት። ከዚያ ቀን ወዲህ «በላይዋ አልነበርሁም» ሲል አልሰማሁትም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከሀዋታ ጋር የነበረን የስልክ ግንኙነት ተቋረጠ። ከካርቱምና ከሌሎችም ከተሞች የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ግዛት ሲጎርፍ በየቀኑ እንሰማ ነበር። አባቴ በዚያ ክረምት ዜና በተነገረ ቁጥር ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ነበር። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌው ነበሩ። ድምፃቸው ደክሟል። ቤታቸው በተፈናቀሉ ዘመዶች መሙላቱን፣ ሐጃ ደኅና መሆናቸውን ነገሩን። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው «ገመዷስ?» ብሎ ነው።

«ላልቷል» አሉ ሽማግሌው። «ውሃህን እየጠበቅን ነው።»

በማግሥቱ አባቴ ወደ ገበያ ሄዶ ከጋሪ ፈረስ ላይ አንድ ጭራ ለምኖ መጣ። ከሁለተኛይቱ መርከብ ምሰሶ የኋላውን የናስ ሽቦ አስፈታኝና በቦታው የፈረሱን ጭራ አስወጠረኝ። ልኩ እንዳልሆነ፣ ወፍራምም እንደሆነ ብነግረው እያወቀ ነው። ዛሬም በሰኔ መግቢያ፣ ጎንደር ላይ ያቺ አንዲት ገመድ መርገብ ስትጀምር፣ አባቴ ወደ ሀዋታ ስልክ ያስደውለኛል፤ ውሃው ሊነሣ ነውና።