ፈረስ መቼ ይሸጣል፥ መቼስ ያርፋል?

ሰው በቤቱ ከሚያሳድራቸው እንስሳት መካከል እንደ ፈረስ ከጌታው ክብር ጋራ የተያያዘ የለም። በቀድሞው ዘመን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። ዳሩ ግን ፈረሱ ሲጋልብ የሚያመሰግነው ሰው ብዙ ሲሆን፥ ጉልበቱ ሲደክም ወዴት እንደሚወድቅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ከአባታችን ቤት ጀምሮ ፈረስ ስናሳድር ስለ ኖርን፥ በዚህ ነገር የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

አስቀድሞ የፈረሱን ዕድሜ ማወቅ ይገባል። ፈረስ 5 ዓመት ገደማ ሲሆነው የወተት ጥርሱን ለውጦ ይጨርሳል። ከዚያም በታችኛው መንጋጋ በፊት ጥርሶቹ ላይ የሚታየው ጕድጓድ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ከመካከል ወደ ዳር እየተፋቀ ይጠፋል፤ ከዚህ በኋላ ጥርሱ እየረዘመ ወደ ፊት ያዘነብላል። በደኅና የተያዘ ፈረስ 25 ወይም 30 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፥ 15 ዓመት የሞላውን አረጀ ብሎ መጣል አይገባም።

ደግሞም ዕድሜ ብቻውን አይፈርድም። ኮርቻ ሲጫንበት ጀርባውን የሚያጐብጥ፥ ቁልቁለት ሲወርድ የሚሰናከል፥ አርፎም የሚያነክስ፥ ያላመጠውን ሣር እየጠቀለለ ከአፉ የሚጥል ፈረስ ደከመኝ ማለቱ ነው። ሆኖም ከመፍረድ በፊት ጥርሱን፥ ሰኮናውንና ኮርቻውን መመርመር ያስፈልጋል፤ ኮርቻ ስላቈሰለው ብቻ ሰነፈ የተባለ ፈረስ ብዙ አይተናልና።

አባታችን በሞቱ ጊዜ ሦስት ፈረሶች ቀሩልን። አንደኛው የ7 ዓመት ጉራቻ ነበረ፤ በቤታችን የሚጋልበው ሰው ስላልነበረ ቆሞ ከሚሰንፍ ብለን ለአገው ምድር ሰው ሸጥነው። በዚያ አገር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ስለሚያከብር፥ ጐበዝ ፈረስ ሥራም ክብርም አያጣም። ስንሸጠውም ውሃ መሻገር እንደሚፈራ ለገዢው አልሸሸግንም፤ ነውሩ ተሰውሮ የተሸጠ ፈረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይጎሳቈላልና። ሁለተኛው ግራጫ ገራም ስለ ነበረ፥ ባትፈልጉት መልሱልን እንጂ አትሽጡት ብለን ለዘመዶቻችን ልጆች ሰጠነው።

ሦስተኛው አባታችን ይቀመጡበት የነበረው ዳማ ነው፤ ዕድሜው ከ20 አልፏል። አንድ ባለ ጋሪ ሊገዛው መጣ። ገብስ ተወዶ ስለ ነበረ ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ «ይሸጥ» አሉ፤ እናታችን ግን «ጌታዬን ተሸክሞ የኖረ ጀርባ ድንጋይ ሊጐትት አይሄድም» ብለው እንቢ አሉ። እኛም ነገሩን ባሰብነው ጊዜ የእናታችን ቃል እውነት መሆኑን ተረዳን። ጉልበት ያለውን ፈረስ የሚገዛ ሰው ፈረሱን ይገዛል፤ ጉልበቱ ያለቀበትን የሚገዛ ግን የቀረችውን ትንፋሽ ይገዛል። ስለዚህ ፈረስ የሚሸጠው ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ ነው፤ ዋጋው ከወደቀ በኋላ ግን ጌታው ሊጦረው ይገባል።

መጦሩም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ገብሱን በአንድ ቀን ማቋረጥ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት መቀነስ፥ ጥርሱ ለደከመ ፉርሽካውን በውሃ ማራስ፥ በክረምት ደረቅ ጋጣ መስጠት ነው። ጨርሶ ከማሰርም በየቀኑ በዝግታ ማንሸራሸር እግሩን ይጠቅማል። ለብቻውም አይተው፤ ፈረስ ብቸኝነት የሚጐዳው እንስሳ ስለ ሆነ በቅሎም አህያም ብትሆን ጓደኛ ያሻዋል።

በመጨረሻ መብላትና መቆም ሲያቅተው፥ አንዳንድ ሰዎች እንደሚያደርጉት ወደ ሜዳ አውጥቶ ለጅብ መተው ምሕረት አይደለም። የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ያለ ብዙ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ለጌታው ቢከብድም ለፈረሱ ይሻላል። ፈረስ ያለው ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ አስቦ ለቤተ ሰቡ ቢነግር፥ የቸገረ ቀን ሲመጣ ፍርዱ ለገብስ ዋጋ አይተውም።