የደፈንነው ጠብታ

ዛሬ የምናካፍላችሁን ነገር የተማርነው በመታጠቢያ ቤታችን ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ የውሃ ቦይለር ምክንያት ነው። ስናስበው አሁንም ያሳፍረናል። ቢሆንም ለአንድ ቤት፣ ለአንዲት ጉባኤም ቢሆን ከጠቀመ ብለን ጻፍነው።

ድሬዳዋ የኖረ ሰው የውሃውን ነገር ያውቀዋል። ሳሙና ቶሎ አረፋ አያወጣም። የሻይ ማንቆርቆሪያው በጥቂት ሳምንታት ውስጡ ነጭ ይለብሳል። ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ላይ ነጠብጣቡ ይቀራል። ከደጋ የመጣ እንግዳ «ምን ሆኖ ነው ይህ ውሃ?» ይላል፤ እኛ ግን ለምደነዋል።

ምክንያቱ በዙሪያችን ያለው ድንጋይ ነው። የአካባቢያችን ተራሮች ብዙ የኖራ ድንጋይ አላቸው፤ ጥንታዊ ሥዕል ያለበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የሚገኘው በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ትንሽ የአሲድነት ጠባይ ያገኛል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲያልፍም ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ከሳቢያን ጉድጓዶች ወጥቶ ወደየቤታችን ሲደርስ ጥርት ያለ ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለበትም። መጠጡም አይጎዳም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለዚህ ዓይነቱ የውሃ ጥንካሬ ጤናን ምክንያት አድርጎ ያስቀመጠው ወሰን የለም። ነገሩ የሚገለጠው ውሃው እሳት ሲያገኘው ነው። ሲሞቅ ጋዙ ያመልጣል፣ ተሟሟቶ የነበረው ኖራም ተመልሶ ድንጋይ ይሆንና ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል።

ድሬ ሞቃት ናት፤ ቦይለር ለምን አስፈለጋችሁ የሚል ይኖራል። በቤታችን እማማ የምንላቸው አዛውንት አሉ፤ ከጨርጨር ደጋ ወርደው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ካልታጠቡ ቀኑን ሙሉ አይቀናቸውም። ባለ 50 ሊትሩ ቦይለር የተሰቀለው ግድግዳው ላይ፣ በርጩማቸውን አስጠግተው ከሚቀመጡበት በላይ ነው። ይህን ልብ በሉልን።

ቦይለሩ ሳያስጠነቅቀን አልቀረም። በመጀመሪያ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ በጋለ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ጣ ጣ ይላል። ኖራው የማሞቂያውን ሬዚስታንስ ሲሸፍነው ውሃ ከሥሩ ይያዝና እንፋሎት እየሆነ ይፈነዳል፤ ድምፁ የዚያ ነው። እኛ ምን አደረግን? የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋን።

ቀጥሎ በየቀኑ እየቆረጠ መጥፋት ጀመረ። ከቴርሞስታቱ ጋር ሙቀት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ መከላከያ አለ፤ እርሱ ነበር የሚቆርጠው። አንድ ሰው ጠርተን መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ አለፈልን። ርካሽ ነበር፤ አመስግነን ሸኘነው።

በመጨረሻ ቀዝቃዛው ውሃ ከሚገባበት ሥር ያለው ሴፍቲ ቫልቭ መንጠባጠብ ጀመረ። ወለሉ ይረጥባል፣ እማማ እንዳይንሸራተቱ እንሰጋለን፤ ውሃ ደግሞ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር ጠብታ ያሳዝናል። ሁለታችን ተማክረን፣ ቴፍሎን የተጠቀለለበት መድፈኛ ገዝተን በቫልቩ አፍ አጠበቅነው። ጠብታው ቆመ። ደስ አለን። አምስት ወር እንዲሁ ኖርን።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት እማማ ቧንቧውን ሲከፍቱት ጮኹ። ሮጠን ስንገባ ከቧንቧው ውሃና እንፋሎት ተቀላቅሎ እየተተፋ ነበር። እርሳቸው ወደ ኋላ ሸሽተው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ እጃቸው ላይ ትንሽ ብቻ ነክቷቸዋል። «ውሃው ተቆጥቷል» አሉን። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋንና ወደ ሠፈራችን ቦይለር ጠጋኝ ደወልን።

ልጁ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። ቦይለሩ እስኪበርድ ጠበቀ፣ መሰላል ላይ ወጣ፣ ከሥር በባትሪ አየ። ከዚያ ዝም አለ።

«ፓስተር፣ ይህን የደፈነው ማነው?»

«እኛ ነን።»

ከመሰላሉ ወርዶ የእማማን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ፈጣሪ ነው ያተረፋችሁ» አለ።

ያስረዳንን እናንተም ስሙት፤ በየቤታችሁ ይህ ዕቃ አለና። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ15 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 2 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ይህ በ50 ሊትር ታንክ 1 ሊትር ገደማ ነው። ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ቫልቩ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ከተወሰነው መጠን፣ በእንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ 8 ባር ከሆነው፣ ሲያልፍ ቫልቩ ራሱ በጠብታ ያወጣዋል። ሲሞቅ የሚወርደው ጠብታ ሥራው ነው። እኛ ብልሽት አልነው። የእኛ ቴርሞስታት በኖራ ተውጦ ተበላሽቶ ማጥፋት ትቷል፤ መከላከያው በሽቦ ታልፏል፤ መውጫው ተደፍኗል። በዝግ ታንክ ውስጥ ያለ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ታንኩ ቢሰነጠቅ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ 1 ሊትር ውሃ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። ከሥሩ ደግሞ እማማ ይቀመጣሉ።

ውሃውን አስወጥቶ ክዳኑን ሲፈታ ያየነውን አንረሳውም። የታንኩ ሥር ነጭ ቅርፊትና ደለል ሞልቶታል፤ በእጁ እየዛቀ በባልዲ አወጣው። ጣት የማያህለው ሬዚስታንስ እንደ ሕፃን ክንድ ወፍሯል። ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ከሁሉ የገረመን ግን ቫልቩ ነው። መድፈኛውን ፈትቶ ማንሻውን ሲሞክረው ንቅንቅ አላለም። አምስት ወር ታፍኖ ውስጡ ኖራ ጋግሮበት ነበር። «አሁን ብትከፍቱለትም አይሠራም፤ መለወጥ አለበት» አለን።

ሬዚስታንሱን በባልዲ አቼቶ ውስጥ አሳደርነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እየፈላ አረፋ ሲያወጣ አድሮ ጠዋት ቅርፊቱ በቀላሉ ለቀቀ። ቴርሞስታቱ ከነመከላከያው፣ ቫልቩ፣ ዘንጉና የክዳኑ ጎማ ተለወጡ። ልጁ መብራቱን ከማብራቱ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠበቀ፤ ባዶ ታንክ ላይ መብራት ከበራ ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላልና። ሲሄድም ሦስት ነገር አዘዘን። ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ አታስበልጡ፤ በጣም ሲሞቅ ኖራው ይብሳል። በወር አንድ ጊዜ የቫልቩን ማንሻ አንሱና ውሃ መውጣቱን እዩ። በዓመት አንድ ጊዜ አስከፍታችሁ አስጠርጉ። «ውሃው አይለወጥም፤ እናንተ ግን በየጊዜው ማራገፍ ትችላላችሁ» አለን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። መብራት ካጠፋን በኋላ የቤታችን እመቤት በጨለማው ውስጥ «የደፈንነው ይህን ብቻ ነው?» አለች። ስለ ማን እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለገም።

በጉባኤያችን አንድ ሽማግሌ ወንድም ነበሩ። ለሕንፃ ተብሎ ከምእመናን የተሰበሰበ ገንዘብ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ለጥገና፣ ኋላም ለድምፅ መሣሪያ ዋለ። አንድም ሳንቲም ወደ ሰው ኪስ አልገባም። ግን ለጉባኤው አልተነገረም። እኚህ ወንድም በየስብሰባው ያንኑ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ለሰጠው ሕዝብ መቼ ነው የምንነግረው?» ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ግን አይተዉም። እኛ መሪዎቹ ተሰላቸን። በምሳሌ መጽሐፍ ስለማያቋርጥ ነጠብጣብ የተጻፈውን እያነሣን ከጀርባቸው ቀለድን። በመጨረሻም «ደክመዋል፣ ይረፉ» ብለን፣ በጉባኤ ፊት ጋቢ አልብሰን፣ አመስግነን ከአመራር አወረድናቸው። ጠብታው ቆመ። ስብሰባዎቻችን አጭርና ሰላማዊ ሆኑ፤ እኛም ለአንድነታችን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ስምንት ወር አለፈ። በመካከሉ እሑድ እሑድ መምጣት መተዋቸውን አይተን እንዳላየን ሆንን።

በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ከእኛ ማንም በኃጢአት መታለል ልቡ እንዳይደነድን «ዛሬ» በሚባልበት ጊዜ ሁሉ ዕለት ዕለት እንድንመካከር ታዘናል። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከነዋል! ስንሰብከው የሚታየን ወደ ኋላ የተመለሰው፣ ዓለም የሳበው ሰው ነበር። ያን ሌሊት ግን ያ ባልዲ ትዝ አለን። በታንካችን ሥር የተጋገረው ቆሻሻ አልነበረም። ጥሩ ውሃ በየቀኑ ሲሞቅ የተወው ነው። ከኮሌጅ ወጥተን ስናገለግል ከ25 ዓመት በላይ ሆነን፤ የአገልግሎቱ እሳት እውነተኛ ነበር፣ የተጠቀሙበትም ብዙ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓመት ጥቂት ነገር ትቶ ያልፋል፦ መመስገን፣ መፈራት፣ «እኛ እናውቃለን» ማለት። አንዱን ቀን ብቻ ብታዩት ምንም አይደለም። ሳይራገፍ ሲከማች ግን ሙቀቱ ወደ ውሃው አያልፍም፤ ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። ልብ የሚደነድነው ጌታን በመካድ ብቻ ይመስለን ነበር። ጌታን እያገለገልንም ደንድነን ተገኘን።

ለዚህ ነው ጌታ ዕለት ዕለት የሚመክረንን ሰው በአጠገባችን የሚያኖረው። እኛ ግን ጥበቃውን እንደ ብልሽት ቆጥረን ደፈንነው። ከሥራችንም የተቀመጡት ምስኪን ምእመናን ናቸው።

በማግሥቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እኚያ ወንድም ቤት ሄድን። ሻይ አስፈሉልን። ይቅርታ ጠየቅን፤ ቀልዱንም ሳይቀር ተናዘዝን። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኛ ይቅርታ ስንጠይቅ ወዲያው ተቃቅፈን የምናለቅስ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን «ዝም ስል ሰላም መሰላችሁ» አሉና ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። ወደ አመራር እንዲመለሱ ስንለምናቸው፣ «መጀመሪያ ለሕዝቡ ንገሩ» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ያ የጋገረ ቫልቭ ትዝ አለን፤ መድፈኛውን ስለፈታን ብቻ እንደ ድሮው አይሆንም።

በሁለተኛው እሑድ የገቢና ወጪውን ዝርዝር ለጉባኤው አነበብን፤ ሳንጠይቅ ማድረጋችንን በደል ብለን ጠራነው። ጉባኤው በጸጥታ ሰማ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ የመቆጣትም መብት ነበረው። አንዲት እናት ቀርበው «ብትነግሩን ለጣሪያውም እንሰጥ ነበር» አሉን። ይህ ቃል ከቁጣው ይልቅ ወጋን። እኚያ ወንድም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ከአገልግሎቱ በኋላ እጃችንን ጨበጡን፤ ወደ አመራር ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ወደ ቤታቸው እየሄድን እንጠይቃቸዋለን፤ አንዳንዴም ይመክሩናል። እየጠበቅን ነው።

ወገኖቻችን፣ ወደ መሠዊያው ከመቅረባችን በፊት ወንድማችን የሚከፋብን ነገር ካለ አስቀድመን እንድንታረቅ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ አስተምሮናል። በቤታችሁ፣ በትዳራችሁ፣ በጉባኤያችሁ እንዳይንጠባጠብ የደፈናችሁት ማን ነው? ደጋግማ የምትነግራችሁ ሚስት ናት? ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ ነው? ሁሌ አንድ ነገር የሚያነሣ ሽማግሌ ነው? የሚሉት ሁሉ ትክክል ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ዛሬ ሳይመሽ ሄዳችሁ ስሟቸው፤ ማንሻው ሳይጋግር።

አዲሱ ቫልቭ ቦይለሩ ሲሞቅ ይንጠባጠባል። ከሥሩ ጣሳ አድርገናል። እማማ ጠዋት ከታጠቡ በኋላ ጣሳውን በረንዳ ላይ ላለችው ጤና አዳማቸው ያፈስሱላታል። ጠብታውን ስንሰማ አሁን ልባችን ያርፋል።

አባት ሆይ፣ በብዙ ሥራና በብዙ ዓመት መካከል የጋገረብንን አንተ ታውቃለህ። በቃልህ አራግፍልን፤ የሚመክረንን ሰው አታሳጣን፤ ያቆሰልነውንም ሰው አንተ ፈውስልን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።