እደግ፣ ተመንደግ

ዳባት ላይ ለመንገደኛ ውሃ ያቀበለ ልጅ በደረቅ «እግዜር ይስጥልኝ» አይሸኝም። አዛውንቱ ጣሳውን ጨልጠው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ «እደግ! ተመንደግ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ!» ይሉታል። ልጁ አንገቱን ይሰብራል እንጂ ያ ቀን የሱ ነው።

ይኸው ልጅ ቤቱ ሲገባ ነገር ይለወጣል። «አባባ፣ ሒሳብ ከ10 8 አገኘሁ» ሲል፣ «ሁለቱንስ ማን በላብህ?» ይባላል። አባት ክፉ ሆነው አይደለም። ልጅ ፊት ለፊት ከተመሰገነ ይጠግባል፣ ሰው ከሰማ ደግሞ ዓይን ይበላዋል ሲባል አድገው ነው። ማታ ጠላ ቤት ግን ያቺን ስምንት ሳይጠየቁ ያወራሉ! የማይሰማት ባለቤቷ ብቻ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ማዝነብም መድኃኒት አይመስለኝም። ሙለርና ድዌክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የ5ኛ ክፍል ልጆችን ከፊሎቹን ብልህ ናችሁ፣ ከፊሎቹን ጥራችኋል ብለው አመሰገኗቸው። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸውና ብዙ ሳቱ። ብልህ የተባሉት ፈጥነው ተስፋ ቆረጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን በረቱ።

እናት ይህን ጥናት አላነበቡም። እንጀራውን እያወጡ፣ «ትናንት ያስለቀሰችህን ማካፈል ዛሬ ቻልካት አይደል? በል ለእህትህ አሳያት» ይሉታል።