አየር፣ ደም ሥር እና ሁለት ችሎቶች

ሆስፒታል አስታምሞ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቅጽበት አይረሳትም። ሌሊት ነው። ግሉኮሱ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ በቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ቀስ እያለች ወደ በሽተኛው ክንድ ትወርዳለች። አስታማሚዋ "ሲስተር! አየር ሊገባበት ነው!" እያለች በኮሪደሩ ትሮጣለች። ነርሷ መጥታ ቱቦውን በጣቷ መታ መታ ታደርግና "ምንም አይሆንም እናቴ" ብላ ትመለሳለች። አስታማሚዋ ግን እስኪነጋ ዓይኗን ከቱቦው አታነሳም። ፊልም ላይ ሰው በባዶ መርፌ ሲገደል አይታለች።

ነርሷ ልክ ናት። የግሉኮስ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ባዶ ቢሆን እንኳ የሚይዘው አየር 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። አዋቂ ሰው ይገድላል ተብሎ የሚገመተው ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያውም በፍጥነት ሲገባ። ትንንሾቹን አረፋዎች ሳንባ አጥልሎ በትንፋሽ ያስወጣቸዋል።

የአስታማሚዋ ፍርሃትም ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብዙ አየር በደም መልስ በኩል ባንዴ ከገባ የሚያርፈው በቀኝ የልብ ክፍል ውስጥ ነው። የውሃ ፓምፕ አየር ሲይዝ ያየ ሰው ቀሪውን ይገምተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይወጣም። ልብም እንዲሁ ትሆናለች። ስትመታ አየሩ ይጨመቃል፣ ስትላላ ተመልሶ ይነፋል፤ ደሙ አረፋ እየደፈቀ እዚያው ይናጣል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልብ ልትቆም ትችላለች።

ከዚህ የሚብሰው አየሩ ወደ ግራ የልብ ክፍል ሲሻገር ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ በቀኝና በግራ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለች። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ይህች ቀዳዳ ጨርሳ አትዘጋም። አየር በእሷ ሾልኮ ወደ ደም ቅዳ ከገባ የ200 ሚሊ ሊትሩ ሒሳብ አይሠራም። ወደ አንጎል የሚሄድ አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር አየር ስትሮክ ሊያስከትል፣ የልብን የራሷን ደም ሥር የዘጋ ግማሽ ሚሊ ሊትር ደግሞ ልብን ሊያቆም ይችላል። አንገት ላይ የተተከለ ቱቦ ሲነቀል በሽተኛው በጀርባው እንዲተኛና ትንፋሹን እንዲይዝ የሚደረገው ለዚህ ነው። ቁጭ ብሎ ወደ ውስጥ ከተነፈሰ አንገቱ ላይ ያለው ደም ሥር ራሱ አየር ይስባል።

አስቸጋሪው ነገር ይህ አየር ዳኛ ፊት ሲቀርብ ይመጣል። አየር እንደ መርዝ ላቦራቶሪ ተልኮ አይመረመርም፤ ጊዜ ካለፈ ዱካው ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1949 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ሄርማን ሳንደር የሚባል ሐኪም በካንሰር ስትሰቃይ በነበረች ሴት ደም ሥር ውስጥ 10 ሲሲ አየር አራት ጊዜ መውጋቱን ራሱ በሕክምና ማኅደሯ ላይ አስመዘገበ። ማንም አስገድዶ አላናገረውም። ዐቃቤ ሕግ በግድያ ከሰሰው። ችሎት ላይ መከራከሪያው ሴትየዋ አየሩ ሲገባ ሞታ ነበር የሚል ሆነ። በመጋቢት 1950 ጁሪው በነፃ አሰናበተው።

ከዚያ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በእንግሊዝ፣ የቼስተር ከተማ ሆስፒታል ነርስ የነበረችው ሉሲ ሌትቢ ቀረበች። በነሐሴ 2023 ሰባት ጨቅላ ሕፃናትን በመግደል፣ ሌሎች ስድስትን ለመግደል በመሞከር ጥፋተኛ ተባለች። በቀጣዩ ዓመት አንድ የሙከራ ክስ ተጨመረ። የተፈረደባት እስከ ሞት ከእስር የማያስወጣ ቅጣት ነው። ዐቃቤ ሕግ ከጠቀሳቸው የአገዳደል መንገዶች ዋነኛው አየር በደም ሥር ማስገባት ነበር። ሲደረግ ያየ ግን የለም። ሕፃናቱ የሞቱት በ2015 እና በ2016 ነው፤ አስከሬናቸው መጀመሪያ ሲመረመር አየር ይፈለግ የሚል ጥርጣሬ አልነበረም።

ክፍተቱን ለመሙላት ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ በሕፃናቱ ቆዳ ላይ ታይቷል የተባለው የቀለም መለዋወጥ ነው። የዚህ ምንጭ ካናዳዊው የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ሹ ሊ ከባልደረባቸው ጋር በ1989 ያሳተሙት ጽሑፍ ነበር። ሊ ራሳቸው ጽሑፋችን ያለ ቦታው ገብቷል ብለው ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስረዱ። ፍርድ ቤቱ ክሱ በቆዳ ቀለም ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፣ ይህም ምስክርነት ቀድሞ መቅረብ ነበረበት ብሎ በ2024 አቤቱታውን አልተቀበለም። በየካቲት 2025 ሊ የመሩት የ14 ባለሙያዎች ቡድን ግድያ የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ አላገኘንም፣ ሕፃናቱ የተጎዱት በተፈጥሮ ሕመም ወይም በደካማ ሕክምና ነው አለ። ከወላጆች መካከል ይህ ሁሉ ቁስላችንን እየቀሰቀሰ ነው ያሉ አሉ። ልጅ የቀበረ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሴትየዋ ገዳይ ትሁን ንጹሕ ከዚህ ርቀት መበየን ድፍረት ነው። ሳይንሱ በምን ላይ እንደቆመ መጠየቅ ግን ድፍረት አይደለም። የጨቅላ ቆዳ በኦክስጅን እጥረትም ቀለሙ ይለዋወጣል። በአንዳንዶቹ ኤክስሬይ ላይ ታየ የተባለው አየርም ልብ ለማስነሳት ሲሞከር ወይም ከሞት በኋላ የሚመጣበት መንገድ አለው። ሀኪም በጥርጣሬ ሕክምና መጀመሩ ግዴታው ነው፤ ያው ጥርጣሬ እስር ቤት ሊያስገባ ሲቀርብ ግን ክብደቱ እንደገና መለካት አለበት።

የአስከሬን መርማሪዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። የልብ ሽፋን ተከፍቶ ውሃ ይሞላበታል፤ የቀኙ የልብ ክፍል በውሃው ስር ይበሳል። አየር ካለ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን በጊዜ ከተደረገ፣ መርማሪውም አስቀድሞ ከጠረጠረ ነው። ቼስተር ላይ በጊዜው የጠረጠረ መርማሪ አልነበረም።