ለስላሳ አገር ሲቀይር

ከጅዳ ለእረፍት የሚመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እናት «ልጄ መጣልኝ» ብላ ከሱቅ ያስመጣችውን ለስላሳ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው «ኦሪጅናሉስ እዚያ ያለው ነው!» ማለት ይቀናቸዋል። ምላሳቸው አልዋሸም፤ ጣዕሙ በእርግጥ ይለያያል። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ግን እናትን ከማሳፈር በቀር የሚፈይደው የለም።

ውድ አንባቢያን፣ የኮካ ኮላ ኩባንያ ለየአገሩ ፋብሪካ የሚያቀርበው የመጠጡን ቅመም ነው። ውሃውን፣ ስኳሩንና ጋዙን ጨምሮ ጠርሙስ ውስጥ የሚሞላው የየአገሩ ፋብሪካ ነው። በእኛ አገር ይህ ሥራ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ በ1965 ተጀመረ።

ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ማጣፈጫው ነው። እኛ ዘንድ ስኳር ሲባል የሚታወቀው ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው፣ የወንጂና የመተሐራው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ኮካ ኮላ ከ1984 ወዲህ በአብዛኛው የሚጣፈጠው ከበቆሎ በሚሠራ ሽሮፕ ነው። መጠጡ በተወለደበት አገር ብዙዎች ከሜክሲኮ የሚመጣውን፣ በአገዳ ስኳር የተሠራውን ባለ ጠርሙስ ኮካ ዋጋ ጨምረው ይገዛሉ። እንግዲህ ኦሪጅናሉ የቱ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የወረደ መንገደኛ ደግሞ ሁሉን በውሃው ያሳብባል። የድሬ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቃል፤ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ውሃውን ሳያጣራ አይጠቀምም። እኔ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው። ለስላሳ ሲሞቅ ጋዙ ቶሎ ይወጣል፤ ጣፋጭነቱም ለምላስ ጎልቶ ይሰማል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ የተከፈተ ጠርሙስ ጋዙን ፈጥኖ ይለቃል። ፕላስቲኩማ ሳይከፈትም ቀስ በቀስ ያሾልካል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተውን ባትገዙ ይሻላል።

ስለ ጅዳ ካነሳን አይቀር፣ በረመዷን የዚያ አገር ማፍጠሪያ ያለ ቪምቶ ብዙም አይታሰብም። ቪምቶ የተፈጠረው ግን እ.ኤ.አ. በ1908 በእንግሊዟ ማንቸስተር ነው። የዓረቦቹ ወፍራምና በጣም ጣፋጭ ሲሆን፣ የእንግሊዞቹ ስኳሩ ተቀንሶ ሌላ ማጣፈጫ ገብቶበታል። ጅዳ ያደገ ልጅ ማንቸስተር ሄዶ ቢቀምሰው «ይሄማ ኦሪጅናሉ አይደለም» ማለቱ አይቀርም።